የ200 ካሬ ቦታ ጎኑ ስንት ነው?

ዳግም ዘርንና ኢራሽናል ቁጥሮችን በወረቀት፣ በማስመሪያና በተራ ካልኩሌተር ለመረዳት

«100 ካሬ ቦታ፣ አራቱም ጎኑ እኩል ቢሆን፣ የአንዱ ጎን ርዝመት ስንት ሜትር ነው?» ይህን ለመመለስ እስክሪብቶ የሚያወጣ ሰው የለም፤ አሥር በአሥር ነው። ቦታው እጥፍ ሆኖ 200 ካሬ ሲባል ግን ነገሩ ይለወጣል። ቸኩሎ «ሃያ በሃያ» የሚል አይጠፋም። ሃያ በሃያ ግን 400 ካሬ ነው፤ የተጠየቀው እጥፍ፣ የተመለሰው አራት እጥፍ። 15 በ15 ቢሞከር 225፣ 14 በ14 ቢባል 196 ይመጣል። ስለዚህ ትክክለኛው ጎን ከ14 ይበልጣል፣ ከ15 ያንሳል። ካልኩሌተር ሲጠየቅ ከ14.1421356 ጀምሮ ሰሌዳው እስኪሞላ አኃዝ ይደረድራል። የሚያቆመውም ቁጥሩ ስላለቀ ሳይሆን ሰሌዳው ስለጠበበው ነው።

ያ የችኮላ መልስ ጥንታዊ ነው። የግሪኩ ፈላስፋ ፕላቶ ከ2,400 ዓመታት ገደማ በፊት በጻፈው «ሜኖ» በተባለው ድርሰቱ ውስጥ፣ ሶቅራጥስ አንድ አገልጋይ ልጅ ያስጠራና ጎኑ 2 ጫማ የሆነ ካሬ ያሳየዋል። ስፋቱ የዚህ እጥፍ የሆነ ካሬ ጎኑ ስንት ይሁን? ልጁ በሙሉ ልብ 4 ይላል፤ ስፋቱ 8 መሆን ሲገባው 16 ይሆናል። አሻሽሎ 3 ይላል፤ 9 ይመጣል። መልሱ በመጨረሻ የሚገኘው ከቁጥር ሳይሆን ከሥዕል ነው።

ይህ መመሪያም የሚጀምረው ከዚያው፣ እጅ ከሚነካው ነገር ነው። የሚያስፈልገው ሁለት ኤፎር ወረቀት፣ ማስመሪያ፣ እርሳስ፣ እንዲሁም መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛትና ማካፈል ብቻ የሚችል ካልኩሌተር ነው። የስልክ ካልኩሌተርም ይሆናል፤ የሥር ምልክት (√) ያለበትን ቁልፍ ግን እስከ መጨረሻው አይንኩት።

ደረጃ 1፦ ወረቀቱን ያጥፉ

አንዱን ኤፎር ወረቀት ቁመቱን ወደ ላይ አድርገው ያስቀምጡ። የላይኛውን የግራ ማዕዘን ይዘው፣ አጭሩ የላይኛው ጠርዝ በቀኙ ረጅም ጠርዝ ላይ ልክክ ብሎ እስኪተኛ ድረስ ያጥፉትና እጥፋቱን በጥፍር ያስምሩት። ሲዘረጉት ከማዕዘን የሚነሳ ሰያፍ መስመር ይታያል። ይህ መስመር ጎኑ 210 ሚሊ ሜትር የሆነ ካሬን ከማዕዘን ወደ ማዕዘን የሚሻገር ነው።

አሁን ሁለተኛውን ወረቀት ያንሱና ረጅሙን ጠርዝ በእጥፋቱ መስመር ላይ ያስተኙት። ይገጥማል። በዓይን የሚለይ ልዩነት የለም፤ የወረቀቱ ቁመት 297 ሚሊ ሜትር ሲሆን የእጥፋቱ መስመር 296.98 ነው።

ግጥሙ አጋጣሚ አይደለም። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ጌዎርግ ክሪስቶፍ ሊሽተንበርግ እ.ኤ.አ. በ1786 በጻፈው ደብዳቤ፣ ለሁለት ሲታጠፍ ቅርጹን የማይለውጥ ወረቀት ያለውን ጥቅም አንሥቶ ነበር። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1922 ይህን ሐሳብ የወረቀት ደረጃ አደረገችው፤ በኋላም ዓለም አቀፍ ሆነ። ኤስሪ ለሁለት ሲታጠፍ ኤፎር፣ ኤፎር ለሁለት ሲታጠፍ ኤፋይቭ የሚሆነው፣ ቅርጹም የማይለወጠው፣ ቁመቱን ለአግድሙ ስናካፍል ሁልጊዜ ያው አንድ ቁጥር እንዲመጣ ተደርጎ ስለተሠራ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት ኤፎርን ወደ ኤስሪ ለማሳደግ ማሽኑ ላይ የሚመረጠው 141 በመቶም ያው ቁጥር ነው፤ 1.41።

አሜሪካ ውስጥ ያለ አንባቢ ግን ሙከራው ይከሽፍበታል። እዚያ በየቢሮው ያለው «ሌተር» የሚባለው ወረቀት በግምት 216 በ279 ሚሊ ሜትር ስለሆነ እጥፋቱ ከወረቀቱ ቁመት ከሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል በላይ ይረዝማል።

ይህ ሁሉ ከ200 ካሬው ቦታ ጋር ምን አገናኘው? አንድን ካሬ ሰያፉን መስመር ተከትለው ቢቆርጡት ሁለት እኩል ሦስት ማዕዘኖች ይወጣሉ። እንዲህ ያሉ አራት ሦስት ማዕዘኖች የ90 ዲግሪ ማዕዘናቸው መሐል ላይ ተገናኝቶ ሲገጣጠሙ ደግሞ ሌላ ካሬ ይሠራሉ፤ የዚህ ካሬ ጎን ያ ሰያፍ መስመር ነው። ሁለት የነበረው አራት ሆነ፤ ስፋቱ እጥፍ ማለት ነው። ሶቅራጥስ ለልጁ ያሳየው ይህንኑ ነው። እንግዲህ 10 በ10 በሆነው ቦታ ላይ ከማዕዘን እስከ ተቃራኒው ማዕዘን ሲባጎ ቢወጠር፣ የሲባጎው ርዝመት የ200 ካሬው ቦታ ጎን ነው። ቁጥሩ ገና አልታወቀም፤ ርዝመቱ ግን በእጅ ተይዟል።

ደረጃ 2፦ ቁጥሩን በሁለት ጎረቤቶች መካከል ያስገቡ

አንድ ቁጥር በራሱ ሲባዛ የሚገኘው ውጤት ዳግም ርቢው ይባላል፤ የ5 ዳግም ርቢ 25 ነው። ጉዞው ወደ ኋላ ሲሆን፣ ማለትም «በራሱ ተባዝቶ 25 የሚሆነው ማን ነው?» ሲባል የሚፈለገው ዳግም ዘር ነው፤ ብዙዎች በእንግሊዝኛ ስሙ ስኩዌር ሩት ይሉታል፤ እዚህ በአጭሩ ሥርም እንለዋለን። ምልክቱ √ ሲሆን መጀመሪያ በኅትመት የታየው ጀርመናዊው ክሪስቶፍ ሩዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1525 ባሳተመው የአልጀብራ መጽሐፍ ነው።

ከ1 እስከ 15 ያሉትን ቁጥሮች ዳግም ርቢ በአንድ መስመር ይጻፉ፦ 1፣ 4፣ 9፣ 16፣ 25፣ 36፣ 49፣ 64፣ 81፣ 100፣ 121፣ 144፣ 169፣ 196፣ 225። ዳግም ዘሩ የሚፈለገው ቁጥር ከዚህ መስመር ላይ ካለ ሥራው አለቀ። ከሌለ የት ቦታ ቢገባ ኖሮ እንደሚሆን ይፈልጉ። 50 በ49 እና በ64 መካከል ስለሚገባ √50 ከ7 በጥቂቱ ይበልጣል። 200 ከ196 አጠገብ ስለሆነ √200 ከ14 ብዙም አይርቅም። ይህች የአንድ ደቂቃ ሥራ ከብዙ ስሕተት ታድናለች፤ ካልኩሌተር ላይ ጣት ስቶ 44.72 ቢመጣ እንኳ መልሱ ልክ እንዳልሆነ ወዲያው ይታወቃል።

ደረጃ 3፦ ይገምቱ፣ ያካፍሉ፣ ያማክሉ

አሁን ወደ ስሌቱ። የ200 ካሬው ቦታ አንዱ ጎን 14 ሜትር ነው ብለው ይነሡ። አንዱ ጎን 14 ከሆነ ስፋቱ 200 እንዲሞላ ሌላኛው ጎን 200 ÷ 14፣ ማለትም 14.2857 መሆን አለበት። ይህ ቦታ ስፋቱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ካሬ አይደለም፣ በአንድ በኩል ትንሽ ረዝሟል። ትክክለኛው ጎን ከሁለቱ መካከል ስለሆነ ደምረው ለሁለት ያካፍሏቸው፦

14 + 14.2857 = 28.2857፤ ለሁለት ሲካፈል 14.14286።

ይህን አዲስ ግምት ይዘው ያንኑ ይድገሙት። 200 ÷ 14.14286 ወደ 14.14141 ይመጣል። የሁለቱ አማካይ 14.142136 ነው። በሁለት ዙር ብቻ የደረሱበት ቁጥር ከእውነተኛው ጋር ያለው ልዩነት በሜትር ተለክቶ ከፀጉር ውፍረት እጅግ ያነሰ ነው። ዘዴው ፈጣን ነው፤ በየዙሩ ትክክል የሆኑት አኃዞች ቁጥር በግምት እጥፍ ይሆናል።

ዘዴውን በጽሑፍ ካስቀመጡት አንዱ በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው የእስክንድርያው ሄሮን ነው። እርሱ የሠራው ምሳሌ የ720 ዳግም ዘር ነበር፤ ከ27 ተነሥቶ በአንድ ዙር 26 ከ5/6 ላይ ደረሰ። ይህ በራሱ ሲባዛ 720 ከ1/36 ይሆናል። ከሄሮን በፊት ደግሞ ባቢሎናውያን አሉ። በአሜሪካ ዬል ዩኒቨርሲቲ የሚገኝ መዳፍ ላይ የሚያርፍ የሸክላ ጽላት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1800 እስከ 1600 ባለው ጊዜ የተጻፈ ነው። በላዩ ላይ ካሬ ከነሰያፎቹ ተስሏል፤ ጎኑ ላይ 30፣ ሰያፉ ላይ ደግሞ 1፣ 24፣ 51፣ 10 የሚሉ አኃዞች ተቀርጸዋል። ባቢሎናውያን የሚቆጥሩት በስልሳ መደብ ነበር፤ ዛሬ ሰዓትን በደቂቃ፣ ደቂቃን በሰከንድ እንደምንከፍለው ማለት ነው። ስለዚህ ቁጥሩ 1 + 24/60 + 51/3,600 + 10/216,000 ሲሆን ውጤቱ 1.414213 ነው። እስከ ስድስተኛው አኃዝ ትክክል።

ደረጃ 4፦ በአንድ የሚስቱትን ክፍልፋዮች ይቁጠሩ

√200 እና √2 ሩቅ ዘመዶች አይደሉም። 200 ማለት 100 ጊዜ 2 ስለሆነ √200 የ√2 አሥር እጥፍ ነው። ከዚህ በኋላ √2ን ብቻ መከታተል ይበቃል።

ጥያቄው ይህ ነው፦ በራሱ ተባዝቶ ልክ 2 የሚሆን ክፍልፋይ አለ? ፍለጋውን በአንዲት ቀላል ደንብ ይጀምሩ። አንድ ክፍልፋይ ይውሰዱ። አዲሱ ታችኛው ቁጥር የድሮዎቹ ሁለቱ ድምር ነው፤ አዲሱ ላይኛው ቁጥር የድሮው ላይኛው ከድሮው ታችኛው እጥፍ ጋር ሲደመር የሚገኘው ነው። ከ1/1 ሲነሡ እንዲህ ይሄዳል፦

1/1፣ 3/2፣ 7/5፣ 17/12፣ 41/29፣ 99/70፣ 239/169፣ 577/408 …

እያንዳንዱን ይፈትሹ። ላይኛውን በራሱ ያባዙ፤ ታችኛውንም በራሱ አባዝተው እጥፍ ያድርጉት። 3/2 ላይ 9 እና 8 ይመጣል። 7/5 ላይ 49 እና 50። 17/12 ላይ 289 እና 288። 99/70 ላይ 9,801 እና 9,800። 577/408 ላይ 332,929 እና 332,928። አንዴ በአንድ ይበልጣል፣ አንዴ በአንድ ይጎድላል፤ እኩል የሚሆንበት ጊዜ የለም።

ከእነዚህ መካከል የምናውቃቸው ፊቶች አሉ። የኤፎር ወረቀት 297 ለ210 በሦስት ሲቃለል 99/70 ነው። በደረጃ 3 በመጀመሪያው ዙር የወጣው 14.14286 ሜትርም 99/7 ሲሆን የ99/70 አሥር እጥፍ ነው፤ ቦታውና ወረቀቱ ሳይመካከሩ አንድ ክፍልፋይ ላይ ተገናኙ። 577/408 ደግሞ በጥንታዊቷ ሕንድ የመሥዋዕት ማቅረቢያ መሠዊያዎችን አሠራር የሚያስተምሩት «ሹልባ ሱትራ» የተባሉ ጽሑፎች ለካሬ ሰያፍ የሰጡት መጠን ነው። እነሱ ያስቀመጡት 1 + 1/3 + 1/12 − 1/408 ብለው ሲሆን ተደምሮ የሚመጣው ያው ነው።

ደረጃ 5፦ ለምን እንደማይገጥም በመጨረሻው አኃዝ ያረጋግጡ

ስምንት ክፍልፋይ ስቷል ማለት ዘጠነኛውም ይስታል ማለት አይደለም። ማረጋገጫ ያስፈልጋል፤ ደግነቱ ማረጋገጫው ከአንድ አንቀጽ አይበልጥም።

እስኪ አለ እንበል። በራሱ ሲባዛ ልክ 2 የሚሆን ክፍልፋይ ተገኘ፤ ከዚህ በላይ እንዳይቃለል ተደርጎም ተቃልሏል። እንግዲያው የላይኛው ዳግም ርቢ ከታችኛው ዳግም ርቢ እጥፍ ጋር እኩል ነው። አሁን በደረጃ 2 የጻፉትን መስመር ይመልከቱና የመጨረሻ አኃዞቹን ብቻ ይልቀሙ። ማንኛውም ዳግም ርቢ የሚያልቀው በ0፣ በ1፣ በ4፣ በ5፣ በ6 ወይም በ9 ነው። እነዚህ እጥፍ ሲሆኑ መጨረሻቸው 0፣ 2 ወይም 8 ብቻ ይሆናል። ሁለቱ ዝርዝሮች የሚገናኙት 0 ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ የላይኛው ዳግም ርቢ በ0 ያልቃል፤ ይህ የሚሆነው ራሱ ላይኛው ቁጥር በ0 ሲያልቅ ነው። የታችኛው ዳግም ርቢ እጥፍም በ0 ያልቃል፤ ይህ ደግሞ የሚሆነው ታችኛው ቁጥር በ0 ወይም በ5 ሲያልቅ ነው። ሁለቱም እንግዲህ ለ5 ይካፈላሉ። ግን ክፍልፋዩ ተቃልሎ ያለቀ ነበር! እርስ በርሱ ተጣረሰ፤ እንዲህ ያለ ክፍልፋይ የለም።

በሁለት ሙሉ ቁጥሮች ክፍልፋይ ሊጻፍ የሚችል ቁጥር ራሽናል፣ የማይችለው ኢራሽናል ይባላል። የቃሉ ሥር ሬሾ፣ ማለትም ንጥጥር ነው። ኢራሽናል ሲባል ታዲያ «ማመዛዘን የጎደለው» ማለት ሳይሆን በሙሉ ቁጥሮች ንጥጥር የማይገለጽ ማለት ነው። የመካከለኛው ዘመን የአረብኛ ሊቃውንት እንዲህ ያለውን ሥር «አሰም»፣ ደንቆሮ፣ ይሉት ነበር። ስሙ ወደ ላቲን ሲተረጎም «ሱርዱስ» ሆነ፤ በእንግሊዝኛ የሒሳብ መጻሕፍት የሚገኘው «ሰርድ» የሚለው ቃል የመጣው ከዚያ ነው።

ግሪኮች ለዚሁ ነገር ሌላ ማረጋገጫ ነበራቸው፤ ክፍልፋዩ አለ ከተባለ አንድ ቁጥር በአንድ ጊዜ ተጋማሽም ጎዶሎም ይሆናል የሚል። ይህን ማረጋገጫ አርስቶትል በጽሑፉ ያነሣዋል። ምሥጢሩን ያወጣው የፓይታጎረስ ተከታይ ሂፓሰስ በባሕር ሰጠመ የሚለው ወሬ ግን ከዘመኑ እጅግ ዘግይቶ የተጻፈ አፈ ታሪክ ነው።

የመጨረሻ አኃዝ ማረጋገጫው በ2፣ በ3፣ በ7 ወይም በ8 ለሚያልቅ ማንኛውም ሙሉ ቁጥር ይሠራል፤ ለ3 እና ለ7 ራስዎ ይሞክሩት። ለ5 እና ለ6 አይሠራም። ለእነሱ ቁጥሩን ወደ ብቸኛ ቁጥሮች ይበትኑ። በማንኛውም ዳግም ርቢ ውስጥ እያንዳንዱ ብቸኛ ቁጥር የሚገኘው በጥንድ በጥንድ ነው፤ 36 ማለት 2 × 2 × 3 × 3 ነው። 6 ግን 2 × 3 ብቻ ስለሆነ ሁለቱም ጥንድ አጥተዋል። ከዚህ የሚገኘው ደንብ አጭር ነው፦ የሙሉ ቁጥር ዳግም ዘር ወይ ሙሉ ቁጥር ነው፣ ወይ ኢራሽናል ነው፤ መካከለኛ የለም።

ደረጃ 6፦ የካልኩሌተሩን ሰሌዳ አይመኑ

1 ÷ 8 ያድርጉ፤ 0.125 ይመጣና ያልቃል። 1 ÷ 7 ያድርጉ፤ 0.142857142857 እያለ ይደጋገማል። መደጋገሙ ግድ ነው። ለ7 ሲካፈል የሚተርፈው ቀሪ ከ1 እስከ 6 ካሉት አንዱ ነው፤ ስድስቱ ካለቁ በኋላ አንዱ መመለሱ አይቀርም፤ ሲመለስ ደግሞ ስሌቱ ያለፈበትን መንገድ እንደገና ይሄዳል። ማንኛውም ራሽናል ቁጥር በአስርዮሽ ሲጻፍ ወይ ያልቃል ወይ ይደጋገማል። ኢራሽናል ቁጥር አያልቅም፣ አይደጋገምምም።

ሰሌዳው ግን ይህን አይናገርም። 1.414213562ን በራሱ ቢያባዙ የሚመጣው 1.9999999989 አካባቢ ነው፤ አንዳንዱ ካልኩሌተር ይህን አጠጋግቶ 2 ብሎ ያሳያል። እንዳይታለሉ የመጨረሻውን አኃዝ ይመልከቱ፦ በ2 የሚያልቅ አስርዮሽ በራሱ ሲባዛ በ4 ያልቃል፤ 2.000 ሊሆን አይችልም። ከነጥብ በኋላ የፈለገውን ያህል ረጅም ይሁን፣ የሚያልቅ አስርዮሽ ሁሉ በዚህች ፈተና ይወድቃል።

ትምህርት ቤት ውስጥ ብዙ ተማሪ የሚደናገርበትም እዚህ ላይ ነው። በአንድ ገጽ «ፓይ 22/7 ነው» ይባላል፣ በሌላ ገጽ «ፓይ ኢራሽናል ነው» ይባላል። 22/7 ክፍልፋይ ስለሆነ ራሽናል ነው፤ አስርዮሹም ከ3 በኋላ 142857 እያለ ይደጋገማል። ፓይ ግን 3.14159 ብሎ በሌላ መንገድ ይሄዳል። አርኪሜደስ ፓይ ከ3 ከ1/7 እንደሚያንስና ከ3 ከ10/71 እንደሚበልጥ አሳይቷል፤ 22/7 ላይኛው ድንበር እንጂ ራሱ ፓይ አይደለም። ፓይ ኢራሽናል መሆኑን ዮሐን ሃይንሪሽ ላምበርት ያረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1761 ነው።

ደረጃ 7፦ በቀንድ አውጣ ቅርጽ ይሳሏቸው

በአኃዝ የማያልቅ ቁጥር በማስመሪያ ይሳላል። ወረቀት መሐል ላይ 2 ሴንቲ ሜትር መስመር ያስምሩ፤ ይህ «1» ነው። ጫፉ ላይ በ90 ዲግሪ ሌላ 2 ሴንቲ ሜትር ያቁሙና ጫፎቹን ያገናኙ። አዲሱ ሰያፍ √2 ነው። በዚህ ሰያፍ ጫፍ ላይ በድጋሚ በ90 ዲግሪ 2 ሴንቲ ሜትር ያቁሙና ጫፉን ከመነሻው ነጥብ ጋር ያገናኙ፤ √3 ይሆናል። ቀጥሎ √4፣ √5፣ √6 እያለ ሥዕሉ እንደ ቀንድ አውጣ ቤት ይጠቀለላል። ምሥጢሩ የፓይታጎረስ ደንብ ነው፤ በ90 ዲግሪ የተገናኙት ሁለት ጎኖች ዳግም ርቢዎች ሲደመሩ የሰያፉን ዳግም ርቢ ይሰጣሉ፤ በየጊዜው በዳግም ርቢው ላይ 1 ይጨመራል።

ሥዕሉ ራሱን በራሱ ይፈትሻል። ሦስተኛው ሰያፍ √4 ስለሆነ ልክ 4 ሴንቲ ሜትር፣ ስምንተኛው √9 ስለሆነ 6 ሴንቲ ሜትር፣ አሥራ አምስተኛው √16 ስለሆነ 8 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። ካልሆነ አንዱ ማዕዘን 90 ዲግሪውን ስቷል። ከአሥራ ስድስተኛው፣ ማለትም ከ√17፣ በላይ ከቀጠሉ መስመሮቹ መደራረብ ይጀምራሉ። ፕላቶ «ቴአቴቱስ» በተባለው ድርሰቱ፣ ዛሬ ሊቢያ ውስጥ ባለችው በቀሬና የተወለደው ቴዎዶሮስ የሥሮችን ኢራሽናልነት ከ3 ጀምሮ አንድ በአንድ እያረጋገጠ 17 ላይ እንደቆመ ይተርካል። ቅርጹ ዛሬ በእርሱ ስም ይጠራል።

ደረጃ 8፦ ሥሩን እስከ መጨረሻው አያጥፉት

በስሌት መካከል √2 ሲመጣ ወዲያው 1.4 ብለው አይተኩት፤ √2 እንዳለ ይቆይ። የሚያገለግሉት ደንቦች ጥቂት ናቸው።

ሥር ከማባዛት ጋር ይስማማል፦ √50 ማለት √25 × √2፣ ማለትም 5√2 ነው። √8 ደግሞ 2√2 ስለሆነ √2 + √8 = 3√2 ይሆናል።

ሥር ከመደመር ጋር አይስማማም፦ √(9 + 16) ማለት √25፣ 5 ነው፤ 3 + 4 = 7 ብሎ የሠራ ተሳስቷል። ፈተና ላይ በብዛት ነጥብ የምታስጥለው ይህች ናት።

√9 ማለት 3 ብቻ ነው። «በራሱ ሲባዛ 9 የሚሆነው ማን ነው?» ለሚለው ግን ሁለት መልስ አለ፤ 3 እና −3። ምልክቱ አዎንታዊውን ብቻ እንዲይዝ ስምምነት ተደርጓል።

ሁለት ኢራሽናል ቁጥሮች ሲባዙ ውጤቱ ኢራሽናል ይሆናል ብለው አይገምቱ፦ √2 × √8 = √16 = 4።

ደረጃ 9፦ ስንት አኃዝ እንደሚበቃ ይወስኑ

ግንበኛ የቤት መሠረት ሲያወጣ ማዕዘኑ 90 ዲግሪ መሆኑን የሚያረጋግጠው በ3፣ 4፣ 5 ነው። በአንዱ ጎን 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ለክቶ ምልክት ያደርጋል፤ በምልክቶቹ መካከል ያለው ርቀት ልክ 5 ሜትር ከሆነ ማዕዘኑ ቀጥ ብሏል። ሦስቱም ሙሉ ቁጥሮች ስለሆኑ ሥር ውስጥ መግባት አያስፈልግም። ቤቱ 8 በ10 ሜትር ሲሆንና ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ያለውን ርቀት አስቀድሞ ማወቅ ሲፈለግ ግን ስሌቱ 64 + 100 = 164፣ ከዚያ √164 ይላል። በደረጃ 3 ዘዴ ከ13 ይነሡ፦ 164 ÷ 13 = 12.615፤ አማካዩ 12.808። እውነተኛው 12.806 ነው። በአንድ ዙር የተገኘው መልስ በሁለት ሚሊ ሜትር ውስጥ ነው፤ ለሲባጎና ለሜትር ይህ ይበቃል። ሁለቱንም ሰያፎች ለክቶ እኩል መሆናቸውን ማየት ደግሞ ሥራውን ያጸናል።

በ200 ካሬው ቦታም ላይ ውሳኔው ያው ነው። ጎኑን 14.1 ብሎ የቆረጠ ሰው 14.1 × 14.1 = 198.81 ስለሚያገኝ ከአንድ ካሬ በላይ አጥቷል። 14.14 ካለ የሚጎድለው ወደ 0.06 ካሬ ይወርዳል፤ ይህ በኤፎር ወረቀት ሲለካ አንድ ገጽ የማይሞላ ቁራሽ ነው። 14.142 ሲባል የሚቀረው ከመዳፍ ያነሰች ቦታ ናት። ችካሉን የሚተክለው ሰው ሜትሩን ዘርግቶ 14 ሜትር ከ14 ሴንቲ ከ2 ሚሊ ላይ ምልክት ያደርጋል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት አኃዞች ከችካሉ ጫፍ ይቀጥናሉ።